ማንም ያልተኛበት ሣር

ጥቅምት 4

ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ፎቶ። ሁሉም ሣር።

ጠዋት ከጫካው የመጣውን ሚሞሪ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ቁጥሩን ሳየው ልቤ ዘሎ ነበር። ይህን ያህል ከተነሳማ አንድ አውሬ አይጠፋውም ብዬ... ሞኝ። አንድ ሣር ነው። ያው አንዱ ሣር ወደ ግራ ሲያጎነብስ፣ ወደ ቀኝ ሲያጎነብስ፣ ቀና ሲል። እስከ ምሳ ሰዓት ከሣሩ ጋር በደንብ ተዋወቅን።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ካሜራው ዛፍ ላይ ይታሰርና ብቻውን ይተዋል። ፊቱ ላይ ያለው ሴንሰር ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ካየ ካሜራው ራሱ ያነሳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሣሩን ታሞቀዋለች፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ ለሴንሰሩ ያ ሣር ከጅብ አይለይም። ስለዚህ ወደ ምዕራብ አታዙሩት፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሣር እጨዱ። በቃ። ለአለቃዬ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። አንዴም በጽሑፍ።

"የምዕራብ ብርሃን ወርቅ ነው" አለኝ።

ይኸው ወርቁ።

ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም "ታላቁ" ነው የሚለው። ሃያ ዓመት አውሬ ሲያነሳ ኖሯል፣ ፎቶዎቹ በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ አሉ... እኔም እዚህ ታላቁ ልበለው። ቢያንስ ወንበሩ ታላቅ ነው።

ማታ እትዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "ዛሬ ምን አገኘሽ?"

"ሣር።"

"ፊዚክስ ተምረሽ ሣር ታያለሽ? በሬ እኮ ሳይማር ያየዋል።"

ታላቅ እህት ያለው ሰው ጠላት አያስፈልገውም።

ጥቅምት 7

ዛሬ ደግሞ ላም። አንዲት ላም ካሜራውን ስትልስ፣ መቶ አርባ ፎቶ። ሌንሱ ላይ የደረቀ ምራቅ በጨርቅ ስፈትግ ዋልኩ። ታላቁ በስልክ ለሆነ ሰው "እኛ እኮ ኑሯችን ዱር ነው" ሲል ሰማሁት። ቢሮው ውስጥ። ጫማውን አውልቆ።

ጥቅምት 11

ጫካ ዋልኩ፣ ከጥበቃው ጋር። ጋሼ ፉጨት እለዋለሁ፤ እሱም ያውቃል። ሲሄድ ያፏጫል። "አውሬው ላይ ድንገት እንዳልደርስበት፣ እሱም ድንገት እንዳይደርስብኝ ነው" ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ሠርቶ ከዝንጀሮና ከድኩላ ሌላ አላየም። ለምን ይሆን?

ግን ዛሬ እሱ ነው ያሳየኝ። የምስጥ ኩይሳ፣ ከሥሩ ተቦርቡሮ። እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ አፈር ላይ የጥፍር ጭረት፣ ጥልቅ፣ እንደ ዶማ። ከዚያ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ጉድጓድ። አፉ ላይ ትኩስ አፈር ተቆልሏል፣ ዝንብ ይዞረዋል።

"ጃርት ነው" አለ።

"ጃርት ይህን ያህል አፈር አያወጣም፣ ጋሼ። አዋልዲጌሳ ነው።"

"እሱማ ጠፍቷል። እኔ ሳልቀጠር ነው የጠፋው።"

"እርስዎ ሲያፏጩ ተደብቆ ይሆናላ።"

ሳቀ። እስክንመለስ ድረስ ግን አላፏጨም።

ለታላቁ ነገርኩት። የአሳማ አፍንጫ፣ የአህያ ጆሮ፣ ሲመሽ ብቻ ወጥቶ ምስጥ የሚልስ፣ በዚህ አካባቢ ሃያ ዓመት ማንም አየሁ ያላለው... ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሰማኝ።

"የኔ ልጅ፣ ቢኖር ኖሮ እኔ አየው ነበር።"

የኔ ልጅ። ጥርሴን ነክሼ ልወጣ ስል፣ "ካሜራ ከፈለግሽ ውሰጂ፣ ያው ሣር ነው የምታነሺበት" አለ ከኋላዬ። ወሰድኩ። ደህናውን ነው የወሰድኩት።

ጥቅምት 15

የገበያ ሴንሰር በቃኝ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጠው ሰውዬ የአውቶማቲክ በር ዓይን አገኘሁ፤ መኪና እየገባ ሳለ በሩ እንዳይዘጋበት የሚያደርገውን። ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ የማይታይ ጨረር ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል። መሃል የሆነ ነገር ገብቶ ጨረሩን ሲቆርጠው ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን ከበር ፈንታ ለካሜራ አደረግሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሲጻፍ። ሲሠራ ሦስት ቀንና ሁለት የተቃጠለ ጣት።

ጨረሩ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይበል? ጥንቸል ከሥር ትለፍ፣ አዋልዲጌሳ ይቁረጠው። በእትዬ ሜትር ለካሁት። አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር።

"እትዬ፣ እስቲ በእጅና በእግርሽ ሂጂልኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ከአልጋው እስከ በሩ። ቀስ ብለሽ። አፍንጫሽን ወደ መሬት።"

"እማዬ ይህን ብታይ..." አለች። ግን ተንበረከከች፣ ስፒሎቿን አፏ ውስጥ እንደያዘች። ግማሽ መንገድ ላይ ካሜራው ቀጭ አለ።

"ምን እመስላለሁ?"

"አዋልዲጌሳ።"

"ቆንጆ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው አጥፊው።"

አላጠፋሁትም።

ጥቅምት 18

ተተከለ። ካሜራው በሳጥኑ ውስጥ፣ ጉድጓዱ አፍ ፊት ለፊት። ጨረር ተቀባዩ ፊቱን ወደ ሰሜን፤ ፀሐይ በቀጥታ ከገባበት ይታወራል። ሁለት ፍላሽ። አንዱ ከፊት፣ በስሱ። ሌላው ከጉድጓዱ ጀርባ በግራ በኩል፣ ወደ ካሜራው የሚያበራ። ታላቁ ቢኖር "ብርሃን ከኋላ? አብደሻል?" ይለኝ ነበር። አልነበረም። ዝናብ ይመጣል ብሎ ቀረ። ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና አልነበረችም።

ጨርሰን ውሃ ልንጠጣ ዞር ስንል አንድ ዝንጀሮ የፍላሹን ገመድ አፉ ውስጥ ከትቶ ያኝካል። ጋሼ ድንጋይ አነሳ፣ እኔ ጮህኩ፤ ዝንጀሮው ዓይን ዓይናችንን እያየ ረጋ ብሎ ጨረሰ። ደግነቱ ትርፍ ገመድ ይዤ ነበር።

ስለዚህ ዘበኛ አቆምኩለት። ያንን ሣር ወዳድ ካሜራ ከኋላ ያለው ዛፍ ላይ አሰርኩት፣ ዋናውን ካሜራና ዙሪያውን ያለውን መሬት እንዲያይ። ሴንሰሩን አላምነውም፤ ዘጋሁት። በየአምስት ደቂቃው አንሳ ብዬ ሞላሁት፣ ቀንም ሌሊትም። ሌባም ይሁን ዝንጀሮ፣ ማን እንደነካው ይታወቃል። ሪፖርቴ ላይ ጽፌዋለሁ። ታላቁ ሪፖርት እንደማያነብ እያወቅሁ።

አሁን አሥራ አንድ ቀን አለመሄድ ነው። የሰው ጠረን ካለ አይወጣም።

ጥቅምት 19

የኋላውን ፍላሽ አብርቼዋለሁ?

ጥቅምት 20

አብርቼዋለሁ።

ጥቅምት 22

አላበራሁትም። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ባትሪውን ከተትኩ፣ ከዚያ ዝንጀሮው መጣ፣ ከዚያ... አላበራሁትም።

እትዬ፣ "ሄደሽ አታዪም?" አለች። አልሄድም። "ታዲያ ለምን እኔን ታደርቂኛለሽ?"

ጥቅምት 29

አርባ ሦስት ፎቶ።

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ አንዱ የጃርት ቂጥ። እሾሁን ሲያቆም ጨረሩን ይቆርጣል፤ ይህን አላሰብኩም። ፊቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላዞረም። ከዚያ የሌሊት ወፍ ክንፍ፣ ግማሽ። ከዚያ ምንም የሌለበት ሦስት ፎቶ። ላፕቶፑን ልዘጋው ነበር።

ሠላሳ ስድስተኛው...

ከጉድጓዱ ግማሽ ድረስ ወጥታለች። አፍንጫዋ ወደ ላይ። ከፊት እግሯ ሥር ግልገሏ፣ ፀጉር የለው፣ ቆዳው የተጨማደደ፣ ሲወለድ ያረጀ። የኋላው ፍላሽ በርቷል። ብርሃኑ በጆሮዋ ውስጥ አልፎ መጥቷል፤ ጆሮዋ እንደ ስስ ቅጠል ሆኖ የደም ሥሮቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጆሮ አላየሁም። ስለ ጆሮ እንዲህ እጽፋለሁ ብዬም አላሰብኩም።

እትዬን ጠራኋት። ከጀርባዬ ቆመች፣ አየች። ምንም ቀልድ አልተናገረችም። ይህ ሆኖ አያውቅም።

ጥቅምት 30

ለታላቁ አሳየሁት። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ያንከባልላል።

"ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን" አለ በመጨረሻ።

ከዚያ፣ "ዋናውን ፋይል እኔ ኮምፒውተር ላይ ገልብጪው።"

ገለበጥኩ። መሥሪያ ቤት ነው፣ ካሜራው የስቱዲዮው ነው፣ ሌላ ምን ላደርግ ነበር? የዘበኛውን ሚሞሪ አልጠየቀኝም። እኔም አልሰጠሁትም፤ ማን ሣር ያያል?

ኅዳር 9

አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ያየሁት። አጥሩ ላይ የዓመቱ የዱር ፎቶ ውድድር ማስታወቂያ፣ እኔን የሚያህል። መሃሉ ላይ እሷ። ጆሮዋ። ግልገሏ። ከሥር "አንደኛ" ይልና... የታላቁ ስም።

አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ።

ቢሮው ሳላንኳኳ ገባሁ።

"ፎቶው የማን ነው?"

"መጀመሪያ ደህና አደሩ ይባላል።"

"ደህና አደሩ። ፎቶው የማን ነው?"

"ካሜራው የማን ነው?"

"የስቱዲዮው።"

"ስቱዲዮውስ? አየሽ፣ ራስሽ መለስሽው።"

"ቦታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጨረሩን የሠራሁት እኔ። ፍላሹን በዚያ በኩል—"

"ፎቶው ሲነሳ የት ነበርሽ?"

"ቤቴ።"

"ምን ትሠሪ ነበር?"

"ተኝቼ ነበር።"

"እንቅልፍ ላይ ሆኖ ፎቶ ያነሳ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"እርስዎስ የት ነበሩ?"

"እኔም ተኝቼ ነበር። ግን ባለቤት ሆኜ ነው የተኛሁት።"

ሳቀ። ጸሐፊዋም ከውጭ ሳቀች። መልሱ የመጣልኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው፦ ወጥመድ ያጠመደ አዳኝስ ቤቱ ቢተኛ የያዘው ማን ነው? ልመለስና ልንገረው? ምን ዋጋ አለው... ጸሐፊዋ ዳግመኛ ትስቃለች።

ኅዳር 12

እትዬ ራዲዮ ሳይከፈት መርፌ አይሄድላትም። ዛሬ ድንገት መኪናውን አቆመች። "ነይ ስሚ። ያንቺው ሰውዬ ነው።"

ታላቁ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ። "አሥራ አንድ ሌሊት። ሣር ላይ፣ ከካሜራዬ ጀርባ በደረቴ ተኝቼ። ጣቴ ቁልፉ ላይ። ትንፋሼን ውጬ። በመጨረሻው ሌሊት ወጣች... ዓይን ለዓይን ተያየን።"

ጋዜጠኛዋ፣ "ብርዱስ?"

"ፍቅር ካለ ብርድ የለም።"

እትዬ ራዲዮውን አየችው፣ ከዚያ እኔን። "ወገቡን ስለሚያመው ከወንበር ሲነሳ ሰው ይደግፈዋል ብለሽኝ አልነበር?"

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ፉጨት።

"ኢንጂነር፣ አለቃሽ እዚህ አሥራ አንድ ሌሊት አድሯል ይላሉ። እኔን ምነው ሳይጠራኝ?"

"እንዳያፏጩበት ይሆናል።"

"ልጄ፣ እኔ ይህን ሰውዬ ከበሩ ወዲህ አንድ ቀን አላየሁትም።" ከዚያ፣ "ፎቶውን ወሰደብሽ አይደል?"

ሲጠይቀኝ ነው ያለቀስኩት። በንዴት ነው። ለማንም ባልጽፍም ይመዝገብልኝ፤ በንዴት ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ስሙ ተጽፎለታል፣ አንደኛ ወጥቷል። ለምን ጨምሮ ይዋሻል?

ኅዳር 13

የስቱዲዮውን ቁልፍ ታላቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። "ነገ ትመለሻለሽ" አለኝ። "ነገ ሌላ ሥራ አለብኝ" አልኩት። የለብኝም።

ለውድድሩ ኮሚቴ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ፎቶው የእኔ ነው፣ ማስረጃ አለኝ። የተናደድኩባቸውን ስድስት ቃላት አውጥቼ አንድ ብቻ ተውኩ። "ሌባ" የሚለውን። ከዚያ እሱንም እትዬ አወጣችው።

ኅዳር 16

መልስ መጣ። በ20 ከማስረጃሽ ጋር ነይ ይላል። አብሮ የውድድሩ ደንብ ተያይዟል። አራተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ "ፎቶግራፍ አንሺው በቦታው ተገኝቶ ፎቶውን በራሱ እጅ ያነሳ መሆን አለበት። ሰው በሌለበት በራሱ የተነሳ ፎቶ አይወዳደርም።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ለካስ ለዚህ ነው ሣር ላይ የተኛው።

የዘበኛውን ሚሞሪ አውጥቼ ከፈትኩ። አሥራ አንድ ሌሊት፣ በየአምስት ደቂቃው። የሌሊቱ ብቻ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ አራት ፎቶ። የካሜራው ጀርባ፣ ሳጥኑ፣ ሣሩ። ሰው የለም። ታላቁ የለም።

እኔም የለሁም።

እሱ እንደዋሸ ላሳይ ካልኩ ማንም እንዳልነበረ ማሳየቴ ነው። ማንም ካልነበረ ደግሞ ፎቶው ከውድድሩ ይወጣል። የእሱ ስም ይሰረዛል፣ የእኔ አይጻፍም። ይህን ደንብ ማን ነው የጻፈው? አውሬ አይቶ ያውቃል?

ኅዳር 17

ታላቁ ደወለ። ድምፁ ማር።

"ተሳስተናል። ሁለታችንም።"

"እኔ ምን ላይ ነው የተሳሳትኩት?"

"ስሚኝ። ኮሚቴው ፊት፣ ስሙ በስህተት ነው የተጻፈው እላለሁ። የተኛችው ረዳቴ ናት፣ እኔ በራዲዮ ያወራሁት የእሷን ታሪክ ነው እላለሁ። አንቺ 'አዎ፣ ተኝቼ ነበር' ትያለሽ። በቃ። ስምሽ በትልቁ፣ የስቱዲዮው ስም በትንሹ ከሥር። አንደኛ ትሆኛለሽ።"

"አልተኛሁም እኮ።"

"ማን ያውቃል?"

የዘበኛውን ካሜራ አያውቅም። ሪፖርቴን አላነበበም። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ተናደድኩ፤ አንድ ዓመት ሙሉ የጻፍኩለትን ሁሉ አላነበበም ማለት ነው።

እትዬ ሁሉንም ሰምታ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። "ተቀበይው።"

"እትዬ።"

"ሰው ባልሠራው ሥራ ይዋሻል። አንቺ በገዛ ሥራሽ ላይ ትንሽ ብትዋሺ ማንን ትጎጃለሽ? ያንቺ አይደለም እንዴ? ጣትሽ አይደል የተቃጠለው? ስምሽ ይጻፍ፣ እማዬን ወስጄ ላሳያት።"

ልክ ናት። የሚያናድደው ልክ መሆኗ ነው።

ኅዳር 18

ከጠዋት ጀምሮ እየተለማመድኩ ነው። "አዎ፣ ተኝቼ ነበር።" መስታወት ፊት። በደንብ ይወጣልኛል። ከዚያ ብርዱስ ብለው ቢጠይቁኝ? ፍቅር ካለ ብርድ የለም ልበላቸው?

ኅዳር 19

አልወሰንኩም። ሚሞሪውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፣ አውጥቻለሁ፣ ከትቻለሁ። እትዬ ሰማያዊ ቀሚሴን ተኩሳልኛለች። "የምትዪውን በዪ፣ ግን ተጨማድደሽ አትዪው" አለችኝ።

ኅዳር 20

ሦስት ዳኞች። ሰብሳቢዋ ፀጉሯን ነጭ እንደሆነ የተወች ሴት ናት፣ መነጽሯ በክር የተንጠለጠለ። ፎቶው ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ነበር። በትልቁ አላየሁትም ነበር... ከሥሩ ያለውን ስም በወረቀት ሸፍነውታል።

ታላቁ ቀድሞ ተናገረ። እንዳለው አለ፣ አሳምሮ። "በእኔና በእሷ መካከል ልዩነት የለም፤ ልጄ ማለት ናት። አሥራ አንድ ሌሊት ሣር ላይ የተኛችው እሷ ናት።" ለኔ አዘነልኝ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች። "እውነት ነው?"

በጣም ቀላል ነበር። አንድ ቃል። አፌ ላይ ነበረ።

"ልጄ፣ ተኝተሽ ነበር?"

"ተኝቼ ነበር" አልኩ። ታላቁ ተነፈሰ። "ቤቴ። አልጋዬ ላይ።"

"እዚያስ ማን ነበር?"

"ማንም።"

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስለ ጨረሩ፣ ስለ በሩ ዓይን፣ ስለ ዝንጀሮው፣ ዛፉ ላይ ስላሰርኩት ዘበኛ ነገርኳቸው። ከዚያ ሣሩን ማሳየት ጀመርኩ። ሰዓቱና ቀኑ ከየፎቶው ሥር አለ። ሣር። ሣር። ሳጥኑ፣ ሣር። ሁለት መቶኛው ላይ አንዱ ዳኛ፣ "ገባን እኮ" አለ።

"እኔ አልገባኝም፤ ቀጥዪ" አለች ሰብሳቢዋ። መነጽሯን አድርጋ ሁሉንም አየች። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ አራቱንም። አንዲት ጥንቸል አርባ ደቂቃ ቁጭ ብላ ሄደች። ሌላ ማንም አልመጣም። ይህን ሁሉ ሣር ከእኔ ሌላ ያየ ሰው በዓለም ላይ ያቺ ሴት ብቻ ናት።

"ይህን ስታሳዪን ደንቡን አንብበሻል?"

"አንብቤያለሁ።"

"አንብበሽ ነው የመጣሽው?"

"አዎ።"

መነጽሯን አወለቀች። ደንቡ ይቀየራል ብላ አልሸነገለችኝም። ፎቶው ከውድድሩ ወጥቷል አለች። የሁለታችንም ስም አይጻፍም። ታላቁ ከእንግዲህ በዚህ ውድድር አይገባም።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ። "በገዛ እጅሽ ስምሽን ቀደድሽው።"

"የእኔ አልተጻፈም እኮ። የተቀደደው የእርስዎ ነው።"

ይሄኛው መልስ በጊዜው መጣልኝ። ግን እውነት ለመናገር... ወጥቼ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ሞኝነት ነው? ምን አተረፍኩ?

ኅዳር 21

ማስታወቂያው ላይ ሌላ ተለጥፎበታል። ቢራቢሮ።

ኅዳር 25

ሰብሳቢዋ ራሷ ደወለች። "ትልቁ ፎቶ መጋዘን ሊገባ ነው። ለሰውዬው አልሰጠውም፣ ለአይጥም አልሰጠውም። ነይና ውሰጂው።"

ሄድኩ። ፍሬሙ ከኔ ይሰፋል። ጋዜጣ ለማልበስ ሞከርን፤ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። ሰብሳቢዋ እስከ በሩ ድረስ አንዱን ጫፍ ይዛ ሸኘችኝ። አዳራሹ ውስጥ የነበረበት ቦታ ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። አየሁት፤ እንዳሰብኩት አላመመኝም።

አውቶቡስ። ትኬት ቆራጩ መንገድ ዘጋ። "እህት፣ ይሄ በር ነው ምንድን ነው?"

"ፎቶ ነው።"

"አሳማ ነው" አለ አንዱ ከኋላ።

"የምን አሳማ፣ ጆሮውን አታየውም? አህያ ነው።"

"አህያ ጉድጓድ ውስጥ ምን ያደርጋል?"

"ምን አገባህ፣ ተከራይቶ ይሆናል።"

መተላለፊያው ላይ አቁሜ በጉልበቴ ደገፍኩት። ጋዜጣው ተቀዶ ወደቀ። አጠገቤ አንዲት እናት ጎመን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ከአዋልዲጌሳዋ ፊት ለፊት ሆነ። ሌላው ሁሉ ሲከራከር እሳቸው ዝም ብለው ያዩዋታል። ሁለት ፌርማታ አለፍን።

"ይሄ ልጇ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ማን አነሳት?"

"እኔ።"

አፌ ውስጥ ሳላገላብጠው ወጣ። ማንም ማስረጃ አልጠየቀኝም።

"አራስ ናት እኮ" አሉ። "አራስ እንኳን ለሰው ለነፋስም ትደነግጣለች። ይቺ ምነው እንዲህ ረጋች? አልፈራችሽም?"

"አልነበርኩማ። ማንም አልነበረም።"

ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዲህ ነዋ። ሰው አጠገቡ ያለ ፊት አይደለም።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንድ ወር ሙሉ ጆሮዋን ሳይ ኖሬ ፊቷን አላየሁትም ነበር። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። አፍንጫዋ ላይ አንድ ምስጥ ተጣብቋል፣ አላራገፈችውም። ቤቷ በር ላይ ቆማ አየር እንደምትቀበል ሴት። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ታላቁም ይሁን እኔ፣ ሣሩ ላይ ተኝቶ ቢሆን ይህ ፊት አይኖርም ነበር።

እማማ ጎመናቸውን ወደ ጭናቸው ሰብስበው ወደ መስኮቱ ተጠጉልኝ። "ቁጭ በይ፤ አንድ ላይ እንያዛት።"